ተማሪው ሲመለስ መዝገቡ ይቅር

ሰኔ ግም ሲል በወረታ መናኸሪያ ሻንጣና የመጽሐፍ ካርቶን የሚያወርዱ ወጣቶች ይበዛሉ። ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦር፣ ከዚያም አልፎ ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ የዓመቱን ትምህርት ጨርሰው ለዕረፍት የሚመጡ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ጥቂት ቀናት ከወላጆቻቸው ጋር እንደ ሰነበቱ ብዙዎቹ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይመዘገባሉ። አንዳንዶቹም ከትምህርት ክፍላቸው ደብዳቤ ተቀብለው በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሥር የተግባር ልምምድ ያደርጋሉ። ችግኝ ይተክላሉ፤ የአረጋውያንን ጎጆ ይከድናሉ፤ ደም ይለግሳሉ፤ ለታናናሾቻቸው የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። ጳጉሜን ሲደርስ የምስክር ወረቀት ተቀብለው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው ይለያያሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ቅን ልቡና የሚያጠያይቅ አይደለም። በገዛ ዕረፍቱ ጭቃ ረግጦ የድኻ ቤት ክዳን የሚጠግን ወጣት ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን ከምስጋናው ጋር አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። ኅዳር ላይ ሩዙ ሲታጨድ ወደ ናበጋ ወይም ወደ ዋገጠራ ወርዶ የሐምሌና የነሐሴው አገልግሎት ምን እንዳተረፈ ለማወቅ የሚሻ ሰው ማንን ይጠይቃል? የትኛውን መዝገብ ይገልጣል? ብዙ ጊዜ ተማሪው ሄዷል፤ ያስተማራቸው ልጆች ስም የተጻፈበት ደብተርም አብሮት ሄዷል። በሚቀጥለው ሰኔ ሌላ ተማሪ ይመጣና ሥራውን ከሀ ይጀምረዋል።

ፎገራ ክረምትን እንደ ደጋው አገር አያሳልፍም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው ይህ ጥቁር የዋልካ ሜዳ፣ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይዘውት የሚወርዱት ውኃና ደለል ማረፊያ ነው። ሐምሌ ገፋ ሲል ወንዞቹ ከአፋቸው ሞልተው ሲወጡ፣ ሐይቁም ከወዲያ ሲገፋ፣ እንደ ናበጋ፣ ዋገጠራና ሺና ያሉት ዝቅተኛ ቀበሌዎች እየተቆራረጡ ደሴት ይመስላሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው እንዳፈናቀለ አይዘነጋም። እንዲህ ባለው ጊዜ ከመንደር መንደር የሚያደርሰው ታንኳ እንጂ መኪና አይደለም። ለተማሪ የአገልግሎት ቦታ የሚመድበው ኃላፊ ካርታውን ሲመለከት ይህን ማስታወስ ይገባዋል። በሰኔ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬደው መንገድ በነሐሴ ጨርሶ ላይኖር ይችላል።

ውኃው ግን ጠላት ብቻ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሜዳው በክረምት የዝነኛው የፎገራ ከብት ግጦሽ ነበር፤ ውኃው ሲሸሽም በእርጥበቱ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። በ1970ዎቹ ዓመታት ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ደግሞ በሻጋ በነበሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ የሩዝን አዝመራ አስለመዱ። ባለሙያዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ማኅበራቱም ፈረሱ፤ ሩዙ ግን ቀረ። እስከ ዛሬ ገበሬው የሚያውቀው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ጅግና ነው። ዛሬ በወረታ የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ ከገበያው ጫጫታ ጋር ይሰማል፤ በአካባቢው የሚጋገረውም እንጀራ ሳይቀር ከጤፍ ጋር ሩዝ የተቀላቀለበት ሆኗል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው በዚሁ በፎገራ ነው። ለክረምት አገልግሎት የሚሆን ምሳሌ የፈለገ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሩዝ የተረፈው አስተማሪዎቹ ሲሄዱ ዘሩ በገበሬው ጎተራ፣ ዘዴውም በገበሬው እጅ ስለ ቀረ ነው።

ሩዝ ደግሞ የክረምቱን ኑሮ ለውጦታል። ሰኔ ተዘርቶ ሐምሌንና ነሐሴን አረም ይጠይቃል። አረሙ ከሩዙ ቡቃያ ጋር ስለሚመሳሰል ዓይንና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ባልም፣ ሚስትም፣ ልጅም ውኃ ውስጥ ቆመው ጎንበስ እንዳሉ ይውላሉ። ስለዚህ ክረምት የዕረፍት ወራት ነው የሚለው የተማሪ ቤት አቆጣጠር በፎገራ አይሠራም። ተማሪው ሥራ ሲፈታ ገበሬው ሥራ ይበዛበታል። ተማሪው ስብሰባ ሲጠራ ሰው አልመጣም ብሎ ቢያዝን፣ ስብሰባው የተጠራው በአረም ቀን መሆኑን ቢጠይቅ መልሱን ያገኘዋል።

ተማሪን ለአገልግሎት ወደ ገጠር መላክ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ለፎገራ የሚቀርበውም ምሳሌ ከዚያው ከጣና ዙሪያ ይገኛል። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ ሜዳ፣ በቆላ ድባ አካባቢ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። ያ ጥፋት ከቀሰቀሳቸው እርምጃዎች አንዱ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መከፈቱ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ጤና ነርሶችንና የንጽሕና አጠባበቅ ሠራተኞችን አሠለጠነ። ሠልጣኞቹ ከመመረቃቸው በፊት በቡድን ተደራጅተው በገጠር ጤና ጣቢያ ይሠሩ ነበር፤ ቆላ ድባ ራሷ ከእነዚህ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ይህንኑ የቡድን ሥልጠና ይዞ ቆይቷል።

የዚህ አሠራር ጥንካሬ በተማሪዎቹ ጉብዝና ብቻ የመጣ አይደለም። ቡድኑ ይለዋወጣል፤ ጣቢያው አይለዋወጥም። ያለፈው ቡድን የቆጠረውን መጸዳጃ ቤት የሚቀጥለው ቡድን ከመዝገብ አግኝቶ ስንቱ እንደ ፈረሰ፣ ስንቱ በሥራ ላይ እንዳለ ሊያይ ይችላል። መዝገቡ የጣቢያው ነው እንጂ የተማሪው አይደለም።

ከዚያ በኋላ በ1957 ዓ.ም. በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል የሚያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ በአስተማሪነት ተመደቡ። በግድ መሆኑ ያስኮረፋቸው ነበሩ። ሆኖም አንድ ዓመት ማለት ክፍል ከመክፈት እስከ ፈተና ማረም ድረስ ነውና ልጆቹ በመካከል አስተማሪ አላጡም።

በእነዚህ ዓመታት ከታዩት ሁሉ ግዙፉ በታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በመላ አገሪቱ ተሠማሩ። ፊደል አስቆጠሩ፤ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ትምህርት ቤት ሠሩ። ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት ቆይቶ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅም አዋጁን ለገበሬው ማስረዳትና የገበሬ ማኅበራትን ማደራጀት የእነርሱ ሥራ ሆነ። ሕይወታቸውን የሰጡ አሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ቦታ የነገሩን መልስ ከከተማ ይዘው ስለ መጡ የገበሬውን ጥያቄ ሳያደምጡ ቀርተዋል። ከባለ መሬቶችና ከባለ ሥልጣኖች ጋር ተጋጩ፤ አንዳንዴም ሊያገለግሉት ከመጡት ገበሬ ልማድ ጋር ተላተሙ። ከመንግሥቱም ጋር ሳይግባቡ ጣቢያቸውን ጥለው የተመለሱ ብዙ ነበሩ። በዘመኑ የተጣላው ፖለቲካ የራሱ ድርሻ እንዳለው ባይካድም፣ እንግዳ ሆኖ በገቡበት ቤት ባለቤቱን ሳይጠይቁ ዕቃ ማዛወር የሚያመጣው ጠብ ግን በየትኛውም ዘመን ያው ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከዚህ የተማረ ይመስላል። ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር የዘመቱበት ይህ ሥራ አንድ ቁርጥ ያለ ዓላማ ነበረው፤ ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ማስቻል። መማሪያው መጽሐፍ ተዘጋጅቷል፤ ቋንቋዎቹም በኋላ 15 ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ያስገኘውም ይኸው ነው። ደካማው ጎኑ የታየው ዘማቹ ከሄደ በኋላ ነበር። በአቅራቢያው የሚነበብ ነገር ያገኘ ጎልማሳ ንባቡን አጸና፤ ያላገኘው ፊደሉን መልሶ ረሳ።

በሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ ልማድ አለ። ናይጄሪያ ከእርስ በርስ ጦርነቷ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 ያቋቋመችው የወጣቶች አገልግሎት ተመራቂውን ከተወለደበት ግዛት ውጭ ለአንድ ዓመት ይልካል። ኩባ እ.ኤ.አ. በ1961 ወጣቶቿን ፋኖስ አስይዛ መሃይምነትን እንዲያጠፉ አሠማርታለች። የፎገራው ክረምት ግን ቢበዛ ሁለት ወር ነው። በሁለት ወር የዓመት ሥራ አይሠራም፤ የሚሠራውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ከሚመረጡት መካከል ቀዳሚው የወባ ጉዳይ መሆን አለበት። ነገሩም አንድ እንግዳ የሆነ የጊዜ መተላለፍ አለበት። በፎገራ ወባ የሚበረታው ዝናቡ በሚወርድበት በሐምሌ አይደለም። ዝናቡ አባርቶ፣ ውኃው ሸሽቶ፣ በየማሳው ጥግና በየከብቱ ኮቴ ላይ ሲቋጥር፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ነው። ተማሪው አገልግሎቱን ፈጽሞ የምስክር ወረቀቱን በሚቀበልበት ሳምንት ትንኟ ሥራዋን ትጀምራለች። ይህችን በሽታ አቅልሎ መመልከት አይቻልም። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተስፋፋው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሕዝብ ያህል አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደ ገደለ ተገምቷል። ያ የጥንት ታሪክ ነው የሚል ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

ታዲያ የሐምሌና የነሐሴ ተማሪ ለመስከረም በሽታ ምን ሊያደርግ ይችላል? ብዙ ሊያደርግ ይችላል። በየጎጡ ቤት ለቤት እየዞረ አጎበር ያለውንና የሌለውን፣ የተቀደደበትን፣ አጎበሩን ለሌላ ሥራ ያዋለውን ቤተሰብ ሊቆጥር ይችላል። ነፍሰ ጡር እናትና ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ያለበትን ቤት ለይቶ ሊጽፍ ይችላል። ውኃ ከሚቋጥሩት ጉድጓዶች የትኛው በአካፋ ሊዳፈን፣ የትኛው ቦይ ሊቀደድለት እንደሚችል ከቀበሌው ሰዎች ጋር ሊያይ ይችላል። ዝርዝሩ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከተሰጠ፣ እርሷ መስከረም ላይ የት መሄድ እንዳለባት ታውቃለች። ይህች ሠራተኛ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተመደበች፣ ክረምትም በጋም እዚያው ያለች ናት። የብዙ መቶ ቤቶች ኃላፊነት ተጭኖባት ሁሉንም በእግሯ ልታዳርስ አትችልም። ነሐሴ ላይ የሚያግዛት እግር ብታገኝ ግማሽ ሥራዋ ተቃለለ ማለት ነው።

ከወባው ጋር አብሮ ሊነገር የሚገባው ካላዛር ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ይህ በሽታ መኖሩ ሲታወቅ ብዙ ሰው ወባ ወይም ሌላ ትኩሳት እየተባለ ሲንገላታ ቆይቶ ነበር፤ በፎገራም ታይቷል። ለአረምና ለአጨዳ የቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ወርደው የሚመለሱ ወጣቶች የሚያውቁት በሽታ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የሆድ ማበጥና ክሳት ያለበት ሰው እንዲመረመር መንገር የሐኪም ዕውቀት አይጠይቅም፤ የተማሪ አንደበት ይበቃል። ከዚህ አልፎ ያልሠለጠነ ተማሪ መርፌ እንዲጨብጥ ወይም መድኃኒት እንዲያድል የሚፈቅድ ኃላፊ ካለ ግን ተማሪውንም ሕሙሙንም ይበድላል። ነጭ ጋዋን ስለ ለበሰ ሁሉ ሐኪም አይሆንም።

ሁለተኛው ጉዳይ ትምህርት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከምንጊዜውም የበለጠ የሚያሳስብ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ የደቡብ ጎንደርን ምሥራቃዊ ወረዳዎች አዳረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ እነዚህን ሁሉ መቋረጦች አልፎ ቢቀጥል እንኳ፣ በዕድሜው ሊያነብ የሚገባውን ማንበብ ቢያቅተው የልጁ ጥፋት አይደለም።

የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያዘጋጀው ለስምንተኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። ለፈተና የሚዘጋጁትን መርዳት መልካም ነው፤ እነርሱ ግን ቀድሞውንም የሚደርስላቸው አላቸው። የሚረሳው በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ሆኖ አንድ አንቀጽ ማንበብ የማይችለው ነው። እርሱን ለማግኘት ደግሞ ወደ ማሳው መሄድ ያስፈልጋል፤ ከብት እየጠበቀ ወይም እያረመ ነውና። የጊዜውን ነገር የአካባቢው ልማድ ራሱ መፍትሔ ሰጥቶታል። በወር ውስጥ እንደ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስና መድኃኔ ዓለም ያሉት በዓላት ሲውሉ፣ እሑድም ጭምር፣ ገበሬው ሞፈር አይነካም፤ አረምም አያርምም። ከቅዳሴ መልስ ማንበብና መጻፍን የሚከለክል ግን የለም። በእነዚህ ቀናት በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለ ዋርካ ሥር ወይም በትምህርት ቤቱ ክፍል ልጆችን ለሁለት ለሁለት ሰዓት ማስተማር ከአረም ጉልበት ሳይነጥቅ በሁለት ወር ውስጥ ከ15 በላይ የትምህርት ቀናት ይሰጣል። በፍልሰታ ሰሞን ሕፃናቱ ሳይቀሩ ስለሚጾሙ ሰዓቱን ከቄሱና ከወላጆች ጋር መማከር ይገባል። የሙስሊም ቤተሰቦች ባሉበትም በዓሉና የጸሎቱ ሰዓት እንደዚሁ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ከሁሉም በላይ የልጁን ደረጃ መዝግቦ መተው ያስፈልጋል። «ፊደል ይለያል፤ ቃል ያነባል፤ ዐረፍተ ነገር አያነብም» ተብሎ በስሙ አንጻር የተጻፈ አንድ መስመር መስከረም ላይ ለሚረከበው አስተማሪ ከብዙ ገጽ ሪፖርት ይበልጥበታል። አስተማሪው 60 ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ ይህን ለማወቅ እስከ ጥር ሊፈጅበት ይችላል።

የጸጥታውንም ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ቀበሌ ተማሪን መላክ አገልግሎት አይባልም። እንዲህ ባለው ጊዜ ተማሪው በተወለደበት መንደር ቢመደብ የተሻለ ነው። ገበሬ እንግዳ ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው «ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። የአባቱን ስም ጠርቶ የሚታወቅ ልጅ ደጅ ላይ አይቆምም። ትምህርት ቤትንና ጤና ኬላን፣ በዚያ የሚያገለግለውንም ወጣት፣ ነፍጥ ያነገበ ሁሉ ከየትኛውም ወገን ቢሆን እንዳይነካው ማድረግ ደግሞ የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ሊናገሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ከሌላ አካባቢ የሚመጣውን ተማሪ በተመለከተ አዘጋጆቹ ብዙ ጊዜ የማያነሡት አንድ ነገር አለ፤ ምግቡ። ነሐሴ የጎተራ መራቆቻ ነው። ያለፈው ዓመት እህል እያለቀ፣ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ ባለበት በዚህ ወር እንግዳ የሚቀበል ቤተሰብ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ ነው የሚያበላው። ባለቤቱ ይህን በአፉ አይናገርም፤ እንግዳ ተርቦ አደረ ከሚባል እርሱ ጾሙን ቢያድር ይመርጣል። እማወራዋም ያለችውን ሽሮ ወጥ ሠርታ «ብላ እንጂ ልጄ፣ አፈርክ እንዴ?» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ ተማሪውን የሚልከው ዩኒቨርሲቲ ወይም የሚቀበለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የሁለት ወር ቀለቡን በእህል ወይም በገንዘብ አስቀድሞ ለአስተናጋጁ ቤተሰብ ማድረስ ይኖርበታል። በጎ አድራጎት የሚባለው ሥራ ወጪው በስውር በድኻዋ ማጀት ላይ ከወደቀ በጎ አድራጊዋ እርሷ ናት፤ የምስክር ወረቀቱም ለእርሷ ይገባል።

ተማሪውም ቢሆን ከማሳው መራቅ የለበትም። በሳምንት አንድ ቀን ከወንፈሉ ጋር ገብቶ ቢያርም፣ በተለይም አራሽ የሌላትን የመበለት ማሳ ከጓደኞቹ ጋር ተጋግዞ ቢያጸዳ፣ በስብሰባ የማይሰማውን ይሰማል። እጁ እንደ ገበሬው እጅ ላይፈጥን ይችላል፤ ይሳቅበታልም። ከሣቁ በኋላ ግን ወሬ ይጀመራል። የዘሩ ዋጋ፣ የማዳበሪያው መዘግየት፣ የሽንኩርት ደላላው ነገር የሚነሣው ያኔ ነው። የወረታ ግብርና ኮሌጅ ተማሪዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ ትምህርታቸውም ቦታቸውም ለዚሁ የቀረበ ነው። ጓያ በብዛት መብላት እግር ሊያሽመደምድ እንደሚችል፣ በውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን እንደሚቀንስ ለማስረዳትም ከማረሚያው ዳር ያለው ዕረፍት ከአዳራሽ ይሻላል።

የችግኝ ተከላው ብዙ ስለ ተባለለት እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም። ለተከለው ብቻ ሳይሆን ለጸደቀው መቁጠሪያ ይበጅለት፤ ባለፈው ዓመት ጉድጓድ ውስጥ እንደገና መትከል የትም አያደርስም። እንቦጩ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ብዙ ተማሪ ወገቡን ይዞ ነቅሎታል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተካሄደውም ዘመቻ የሚታወስ ነው። የአረሙ ዘር በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ስለሚቆይ በአንድ ወቅት ዘመቻ አይጠፋም። የተነቀለውም ከዳር ተከምሮ ከተተወ ውኃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። ለዚህ ሥራ የሚሰለፍ ተማሪ ቦቲ ጫማና ጓንት ይሰጠው፤ የቢልሃርዚያው ነገር ቀልድ አይደለም።

የሚቀረው ይህን ሁሉ የሚይዘው ሰው ማን ነው የሚለው ነው። ወረዳው፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ፣ እንደ አልማና አመልድ ያሉት በክልሉ የሚሠሩ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሪፖርት ቅጽ አላቸው። ቅጹ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ወደ ቀበሌው የሚመለስ ግን የለም። ስንት ተማሪ ተሳተፈ፣ ስንት ሰዓት ሠራ፣ በገንዘብ ሲተመን ስንት ብር ወጪ ዳነ የሚለው በየዓመቱ ይደመራል። ናበጋ ውስጥ የትኛው ልጅ ማንበብ እንደ ቻለ ግን በድምሩ ውስጥ አይታይም።

ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያሻም። በየቀበሌው ሁለት መዝገብ ይከፈት፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር እጅ፣ ሌላው በጤና ኬላው ይቀመጥ። ሰኔ ላይ የሚመጣው ተማሪ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የአምናውን ያንብብ፤ ከአምናው ዝርዝር የት እንደ ቆመ አይቶ ከዚያ ይቀጥል። ካለፈው ክረምት ተማሪዎች አንዱ ተመልሶ ቢመጣና አዲሶቹን በየቤቱ ቢያስተዋውቅ ደግሞ ሳምንታት ይተርፋሉ። ነሐሴ ሲያልቅ መዝገቡን ለርእሰ መምህሩና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስረክቦ ፊርማቸውን ይቀበል። ወረዳውም የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ያን ፊርማ ካየ በኋላ ይሁን። ደብተሩ ልባሱ ጠንካራ ቢሆን፣ ጽሕፈቱም ውኃ ሲነካው በማይደበዝዝ ቀለም ቢሆን ይመረጣል። ርብ ሞልቶ ክፍሉ ውስጥ የሚገባባቸው ቀበሌዎች ስላሉም መደርደሪያው ከፍ ብሎ ይሠራ።